ልጅ በዕድሉ ያድጋልን?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አባባሉ ኑሮ ለከበደው ወላጅ መጽናኛ ሆኖ ማገልገሉን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የመጽናኛነቱን ያህል መጋረጃም ነው። የልጅን አካል፣ አእምሮና ግብረ ገብ የሚቀርጸውን ተጨባጭ ሁኔታ፣ ማለትም የእናትን ምግብና የሥራ ጫና፣ የመኖሪያን ንጽሕና፣ የአሳዳጊን ፍቅር ሸፍኖ ጉዳዩን ሁሉ ከማንም ቁጥጥር ውጭ ለሆነ ኃይል ያስረክባል።

የሰው ልጅ ዕድገት የሚጀምረው በምጥ ቀን አይደለም። ለአንጎልና ለኅብለ ሰረሰር መነሻ የሚሆነው ቧንቧ መሰል አካል ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያበቃል፤ ይህም ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ በውል ሳያውቁ ነው። በዚያን ጊዜ በእናትየዋ ሰውነት ውስጥ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ካነሰ ቧንቧው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። አዮዲንም እንዲሁ ነው። በደጋው አገር እንቅርት እንደ ተራ ነገር ሲታይ ኖሯል፤ አንገት ላይ ከሚታየው እብጠት ይልቅ የሚያሰጋው ግን ማህፀን ውስጥ ባለው አንጎል ላይ የሚደርሰው የማይታይ ጉዳት ነው። መከላከያው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። ጨውን ክፍት አድርጎ ከምድጃ አጠገብ ማኖርና ወጥ ገና ሲጣድ መጨመር አዮዲኑን የሚያባክን መሆኑን ሚስት ብቻ ሳትሆን ባልም ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ሥራ ቦታ እንለፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሁም በትርፍ ሰዓት እንድትሠራ ማድረግ የተከለከለ ነው። (ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ መነጋገሪያ ነው።) ነገር ግን በሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ እርግዝናዋ በታወቀ ማግስት «ነገ አትምጪ» ብትባል ማን ይቆምላታል? አዋጁ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ ለፅንሱ እንጀራ አይሆነውም። ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለሠራተኛ ማኅበሩና አብረዋት ለሚሠሩት ወንዶች ነው።

በማህፀን ውስጥ የደረሰ ረኃብ ምን ያህል ርቆ እንደሚከተል የታወቀው በኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት የናዚ ጀርመን ጦር ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ በማገዱ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ወቅት የተፀነሱት ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ የልብ ሕመምና ስኪዞፍሬኒያ ከሌሎች ይልቅ በዝቶባቸው ተገኝቷል። ወንዶቹ ለውትድርና ሲመረመሩ ግን በአእምሮ ፈተና ከእኩዮቻቸው አላነሱም። እንግዲህ የማህፀን ረኃብ ሁሉን ነገር ቆርጦ የሚያስቀር ፍርድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን በአንዳንድ አካባቢዎች ፅንሱ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብድ በሚል ነፍሰ ጡሯ ምግብ እንድትቀንስ የሚመክሩ አሉ። ከዚህ የከፋ ምክር ማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል በ1992 ዓ.ም. 58 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 37 ከመቶ ደርሷል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል 46፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 15 ከመቶ ገደማ ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከየክፍሉ የመጣ ሕዝብ ልጅና የልጅ ልጅ ስለሆነ ልዩነቱን በዘር ማመካኘት አይቻልም። ሆኖም ቁመቱ የቀረ ልጅ «አባቱም አጭር ነበር» እየተባለ ይታለፋል።

ምግብ ብቻውን ሰው አያደርግም። በሩማንያ የቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ፅንስ ማቋረጥን ከልክሎ የሕዝቡን ቁጥር ለማብዛት ሲጥር፣ ወላጆች ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ እጅግ ብዙ ሕፃናት በማሳደጊያ ተከማቹ። እዚያ አልጋና ምግብ ነበራቸው፤ የእኔ የሚላቸው ሰው ግን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 በቡካሬስት በተጀመረ ጥናት ከ136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተዛወሩ። የአእምሮ ችሎታቸው እዚያው ከቀሩት በልጦ ተገኘ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ደግሞ የበለጠ ተጠቀሙ። ልጅን እንደ ቁጥር የቆጠረ ሥርዓት፣ በየትኛውም መፈክር ሥር ይሁን፣ ውጤቱ ይኸው ነው።

የግብረ ገብ ዕድገትም የራሱ ደረጃዎች አሉት። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው ለልጆች ሁለት ታሪክ አቀረበ። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ስኒ ይሰብራል፤ ሌላው ማርማላታ ሊሰርቅ ሲንጠራራ 1 ስኒ ይሰብራል። ትንንሾቹ ይበልጥ ጥፋተኛ ያሉት ብዙ የሰበረውን ነው፤ ከፍ ያሉት ግን ሐሳቡን መዘኑ። እንግዲህ ብርጭቆ የሰበረን ልጅ በብርጭቆው ዋጋ ልክ የሚገርፍ አባት በየትኛው የዕድሜ ደረጃ ላይ እንዳለ አንባቢ ይፍረድ። ፒያዤ ልጆች ብይ ሲጫወቱ እያየ የተረዳው፣ ደንብን ከልብ ማክበር የሚመጣው ከቁጣ ይልቅ ከእኩዮች ጋር ተስማምቶ ደንብ ከማውጣት መሆኑን ነው። ለዚህም ቦታ ያስፈልጋል። በየመንደሩ የቀረችው ክፍት ስፍራ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለአሸዋ መድፊያ ከመሰጠቷ በፊት፣ ብይ የሚጫወቱት ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይጠየቅ።