ከመቶ ሰከንዱ ሩጫ በፊት

ከለንደን በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኒውማርኬት የውድድር ፈረስ ከተማ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ መኳንንቱን አስከትሎ እየመጣ ፈረስ ያስሮጥባት፣ ራሱም ይጋልብባት ነበር። ዛሬ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፈረሶች ይሰለጥኑባታል። ከተማዋን የሚያቋርጡ፣ ለፈረስ ብቻ የተተዉ መንገዶች አሉ፤ አስፋልት በሚሻገሩበት ቦታ ደግሞ መኪና የሚያስቆመው መብራት ቁልፍ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ከፍታ ላይ ተተክሏል።

እዚሁ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1809 ጀምሮ የሚካሄደው ዝነኛው “ሁለት ሺህ ጊኒ” ውድድር ርዝመቱ 1,600 ሜትር ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መቶ ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። ተመልካች የሚያየው ይህችኑ ሩጫ ነው። ለእርሷ የሚደረገው ዝግጅት ግን አብዛኛው ቀስ ያለ ነው፤ እርምጃ፣ ምግብ፣ ዳሰሳና እረፍት። የአንድ ጋጣን ሳምንት ተከትለን ምክንያቱን እንመልከት።

በየዕለቱ ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። የጋጣው አለቃ በየበሩ እየዞረ በቅድሚያ የምግብ ገንዳውን ያያል። የማታውን አጃ ልሶ የጨረሰ ፈረስ አያሳስብም። ያስተረፈው ግን ሙቀቱ ይለካል፣ ለአሰልጣኙም ይነገራል፤ የሕመም የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነውና። የፈረስ ጨጓራ ከግዙፍ አካሉ አንጻር ትንሽ ነው፤ አሲድም ያለማቋረጥ ስለሚያመነጭ ባዶ ከቆየ ይቆስላል። ስለዚህ እህሉ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይቀርብለታል፤ በመካከሉ ድርቆሽ አይለየውም። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል ሆዱን የሚያውክ ነገር ከበላ ሕይወቱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ሰኞ ፈረሶቹ ከእሑድ እረፍት ስለሚነሱ ይቦርቃሉ። በቡድን በቡድን ተከፍለው ይወጣሉ፤ አንድ ጋላቢም ጠዋቱን ሦስት አራት ፈረስ ሊጋልብ ይችላል። መጀመሪያ በእርምጃ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፣ ከዚያ ዋረን ሂል የሚባለውን ኮረብታ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ በደንገላሳ ይወጡታል። ዳገት በዝግታም ቢወጡት ልብና ሳንባን በደንብ ያሠራል፤ ሙሉ ፍጥነት ስለማይጠይቅም እግርን ብዙ አያስጨንቅም። ማክሰኞም ከዚህ ብዙ አይለይም። በዚያ ቀን ጠዋት የብሪታንያ የፈረስ ውድድር ባለሥልጣን የፈረሶቹን የብቃት ነጥብ አድሶ ያወጣል። በብዙ ውድድሮች ነጥቡ ከፍ ያለው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ስለሚሮጥ፣ አሰልጣኙ የትኛው ፈረስ የት ቢሰለፍ እንደሚሻል የሚያሰላው ይህን አይቶ ነው።

ረቡዕና ቅዳሜ በኒውማርኬት ልማድ የሽምጥ ግልቢያ ቀናት ናቸው። ሁለት ሦስት ፈረሶች ጎን ለጎን ተለቀው አሰልጣኙ ከመስኩ ዳር ሆኖ ይመለከታል። እረፍት ላይ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመታ የነበረው ልብ ከ200 በላይ ይመታል። ጣፊያው ያከማቸውን ቀይ የደም ሴል ወደ ደም ሥር ይለቃል። ትንፋሹም ከግልቢያው ጋር ይገጥምና በአንድ ዝላይ አንዴ ይተነፍሳል። ይህ በየቀኑ የማይደረገው አካሉ ስለማይችለው ነው። በፍጥነት የተፈተነ አጥንት ራሱን ጠግኖ የሚጠነክረው በሚቀጥሉት ቀላል ቀናት ነው፤ ጊዜ ካልተሰጠው ይሰነጠቃል።

ትዕግሥት ምን እንደሚያስገኝ ፍራንክል ያሳየናል። ይህ ዳማ ፈረስ በለጋነቱ ልጓም አልታዘዝ እያለ ጉልበቱን ገና ከጅምሩ ሊጨርስ ይሞክር ነበር። አሰልጣኙ ሰር ሄንሪ ሴሲልና የዋረን ፕሌስ ጋጣ ሠራተኞች ጊዜ ወስደው ተረጋግቶ መጋለብን አስተማሩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2012 ድረስ 14 ጊዜ ተወዳድሮ 14 ጊዜም አሸነፈ። ሴሲል ይህን ሁሉ የሠራው ከካንሰር ጋር እየታገለ ነው፤ በ2013 ዐረፈ።

ሐሙስ ከሽምጡ ማግስት ስለሆነ ቀላል ቀን ነው። ቅዳሜ የሚሮጡ ፈረሶች እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ስማቸው ለመጨረሻ ጊዜ ይረጋገጣል። ለልምምድ የሚጫሙት የብረት ጫማ ለውድድር ቀለል ባለ የአልሙኒየም ጫማ ይቀየራል።

የጋጣው ትልቁ ሥራ ግን በየምሽቱ በጸጥታ የሚሠራው ነው። ከፈረስ የፊት ጉልበት በታች ጡንቻ የለም፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ግማሽ ቶን የሚመዝነው አካል በሽምጥ ሲጋልብ ለቅጽበት በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሠራተኛዋ ከፈረሱ አጠገብ ቁጢጥ ትልና መዳፏን ከጉልበቱ ጀምራ በኋለኛው ጅማት ላይ ቁልቁል ታንሸራትታለች። ወዲያው ሌላኛውን እግር በዚያው መዳፍ ትዳስሳለች። የምትፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጥቂት ሙቀት፣ ጥቂት እብጠት፣ ጫን ስትለው እግሩን መሰብሰቡን። የተጎዳ ጅማት ለመዳን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ሙቀቱ በዚያ ምሽት ከተገኘ ግን የማግስቱ ግልቢያ ይሰረዛል፤ ፈረሱም ከከባድ ጉዳት ሊተርፍ ይችላል።

ዓርብ ቀላል ልምምድ፣ ቅዳሜ ሽምጥ ወይም ውድድር ነው። እሑድ አብዛኞቹ ይቦዝናሉ፤ ጥቂት ተንሸራሽረው፣ ሣር ግጠው ወደ ጋጣቸው ይመለሳሉ።

ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በከተሞቻችን ጋሪ የሚጎትቱ፣ በገጠር ሰውና እህል የሚያጓጉዙ ፈረሶች እግር ከኒውማርኬቶቹ እግር አይለይም። የዚያ ከተማ መስክና ሐኪም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የምሽቱ ዳሰሳ ግን ከአንድ እጅና ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ኮርቻውን ወይም ጋሪውን ስታወርዱ ውኃ አጠጡት፣ አራቱንም እግሮቹን በመዳፋችሁ ዳስሱ፣ የሞቀ ወይም ያበጠ ካገኛችሁ ነገ አሳርፉት። በሳምንትም አንድ ቀን የእርሱ ይሁን።