ጅራቱ ጭቃ ውስጥ የቀረው ትል

ሲቦጋ የተባለችው የኔዘርላንድ የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1900 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባሕሮች ስትዘዋወር፣ ከጥልቁ ወለል ክር የመሰሉ ትሎች አወጣች። ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሞሪስ ኮለሪ በ1914 ሲቦግሊነም ብሎ ሰየማቸው። ከየትኛው የእንስሳት ወገን እንደሚመደቡ ግን መወሰን አልቻለም።

ያስቸገረው አካላቸው ነው። ትሉ ራሱ በሠራው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይኖራል፤ አፍ የለውም፣ አንጀትም የለውም። አፍና አንጀት ከሌለ ደግሞ ሆዱ የትኛው፣ ጀርባውስ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ዋናው የነርቭ መስመር የሚያልፍበትን ጎን ጀርባ ነው አሉ። አካሉም ሦስት ክፍል ብቻ ያለው መሰላቸው። በ1933 ሶቪየታዊው ኡሻኮቭ ከኦኾትስክ ባሕር ያገኘውን ዘመዳቸውን ከባሕር ጠጉራም ትሎች መድቦት ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሌላው ሶቪየታዊ አርቴሚ ኢቫኖቭ ትሎቹን ከኮከብ ዓሣና ከባለ አከርካሪዎች ወገን አስጠጋቸው፤ ፖጎኖፎራ በሚል ስምም ራሱን የቻለ ዐቢይ የእንስሳት ወገን (ፋይለም) ሆነው ቆዩ።

በ1964 ተመራማሪው ማይክል ዌብ በኖርዌይ ፊዮርድ የሚኖረውን የሲቦግሊነም ዝርያ የኋላ ጫፍ ይፋ አደረገ። ያ ጫፍ ጭቃው ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀበር፣ ትሉ ሲጎተት እየተበጠሰ ይቀር ነበር። አጭር ነው፤ በውስጡ በግድግዳዎች ተከፋፍሎ ተደራራቢ ቀለበቶች ሠርቷል፤ በየቀለበቱም ላይ ትሉ ጭቃውን ቆንጥጦ የሚይዝባቸው ጠንካራ ጠጉሮች ተተክለዋል። የመሬት ትልን ሆድ በጣት ሲዳብሱት ሻከር የሚያደርገውም የዚሁ ዓይነት ጠጉር ነው። በቀለበት የተከፋፈለ አካልና በየቀለበቱ የበቀለ ጠጉር የአኔሊዳ፣ ማለትም የመሬት ትልና የባሕር ጠጉራም ትሎች ወገን ምልክት ነው። ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ በዚህ ወገን ዋናው የነርቭ መስመር የሚያልፈው በሆድ በኩል ስለሆነ፣ ጀርባ የተባለው ጎን ሆድ ሆኖ ተገኘ።

በ1977 ደግሞ በጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውኃ በሚፈልቅበት የባሕር ወለል የሲቦግሊነም ዘመድ የሆኑ ግዙፍ አፍ አልባ ትሎች ታዩ። በ1981 ተመራማሪዋ ኮሊን ካቫኖ ምግባቸውን የሚያዘጋጁላቸው በአካላቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳየች። ትሎቹ በጨቅላነታቸው አፍና አንጀት እንዳላቸው፣ ሲያድጉ ግን እንደሚጠፉባቸውም ታወቀ።

በ1997 የአካልና የዘረመል ጥናቶች ከሁለት አቅጣጫ መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ፤ ፖጎኖፎራ ፋይለምነቱ ቀርቶ፣ ሲቦግሊኒዴ በሚል ስም ከጠጉራም ትሎች አንዱ ቤተሰብ ሆነ። በ2002 በካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ሸለቆ በዓሣ ነባሪ አጥንት ላይ የተገኙት አጥንት በል ትሎችም ወደዚሁ ቤተሰብ ገቡ።

ከኮለሪ እስከ ዌብ 50 ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት የታዩት ናሙናዎች ጎዶሎ ነበሩ፤ ምድቡም በዚያው ጎዶሎ አካል ላይ ቆመ። ስለዚህ አንድ እንስሳ «ይህ የለውም» ከማለት በፊት፣ ናሙናው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ መግባቱን ማረጋገጥ ይቀድማል።