አራት የሚዛን ድንጋዮች እስከ 40 ኪሎ ግራም እንዴት ይመዝናሉ?

በባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ከ1 እስከ 40 ኪሎ ግራም ያለውን ማንኛውንም ሙሉ ኪሎ ለመመዘን አራት ድንጋዮች ይበቃሉ፤ ባለ 1፣ ባለ 3፣ ባለ 9 እና ባለ 27 ኪሎ። ይህን ስሌት ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 ባዘጋጀው መጽሐፉ አስፍሮታል። ፈረንሳዊው ባሼም በ1612 ባሳተመው የሒሳብ ጨዋታዎች መጽሐፍ አቅርቦታል።

የስሌቱ ምሥጢር ያለው በቁጥር አጻጻፍ ላይ ነው። በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ቤት በስተቀኙ ካለው ቤት አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ፣ አሥር፣ መቶ እያለ ይቀጥላል። እድገቱ በሁለት እጥፍ ሲሆን ቤቶቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ይሆናሉ። ድንጋይ ከእህሉ ትይዩ ባለው ሰሐን ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ፣ 40 ኪሎ ለመድረስ እነዚህ ስድስት ድንጋዮች ያስፈልጋሉ።

ድንጋይን ከእህሉ ጋር በአንድ ሰሐን ማስቀመጥ ሲፈቀድ ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዱ ድንጋይ ሦስት ዕድል ይኖረዋል፤ ከእህሉ ትይዩ ሆኖ ይደመራል፣ ከእህሉ ጋር ሆኖ ይቀነሳል፣ ወይም ከሚዛኑ ውጪ ይቀራል። ለምሳሌ 14 ኪሎ ጤፍ ለመመዘን 27 ኪሎው በአንድ ወገን፣ ጤፉ ከ9፣ ከ3 እና ከ1 ኪሎ ድንጋዮች ጋር በሌላው ወገን ይቀመጣሉ። 14 ሲደመር 13፣ 27 ይሆናልና ሚዛኑ ይስተካከላል።

ክፍተት የማይፈጠርበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድንጋዮች ከ1 እስከ 13 ያለውን ይሸፍናሉ። 27 ሲጨመር 13 ተቀንሶለት 14፣ 13 ተደምሮለት 40 ይደርሳል።

ሥርዓቱ ከገበያ አልፎ ወደ ማሽንም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በኒኮላይ ብሩሴንትሶቭ መሪነት የተሠራው «ሴቱን» የተባለው ኮምፒውተር የሚያሰላው በአንድ፣ በዜሮ እና በአንድ ተቀናሽ ነበር።

ታዲያ ነጋዴዎች በአራቱ ድንጋዮች ፋንታ 1፣ 2፣ 2 እና 5 ኪሎን የመሰለ ስብስብ ለምን ይጠቀማሉ? አንዱ ጥቅም ቅለቱ ነው፤ ሻጭም ገዢም ሳይቀንስ በመደመር ብቻ ይረዳዋል። ሁለተኛው ጥቅም እርስ በርስ መፈተሽ ነው። በባለ ሦስት እጥፍ ስብስብ እያንዳንዱ ክብደት የሚገኘው በአንድ መንገድ ብቻ በመሆኑ፣ ድንጋዮቹን ብቻ በሁለቱ ሰሐኖች ከፋፍሎ ማስተካከል ፈጽሞ አይቻልም። ስለዚህ የተሸረፈ ድንጋይ ቢኖር ሌሎቹ አያጋልጡትም። በሌላው ስብስብ ግን ሁለቱ ባለ 2 ድንጋዮች ከባለ 1 ጋር ሆነው ከባለ 5 ጋር መስተካከል አለባቸው።

እህሉን ለገበያ ያቀረበ አርሶ አደር ይህን ፍተሻ ከመመዘኑ በፊት መጠየቅ ይችላል። ድንጋዮቹ ካልተስተካከሉ ሰሐኖቹን አቀያይሮ መሞከር ይገባል፤ ያዘነበለው ወገን ድንጋዩን ተከትሎ ከዞረ ጉድለቱ ከድንጋዩ፣ ባለበት ከቀረ ደግሞ ከሚዛኑ ነው። ሁሉም ድንጋዮች በእኩል መጣኔ ከጎደሉ ግን ፍተሻው አያሳይም፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ሌላ ድንጋይ ነው።