ሲዲው አልጻፍ ሲል

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንዱ ኮፒ ቤት ገብቶ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ የባዶ ሲዲ ቁልል ያየ ሰው አይገረም። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሲዲ ማስገቢያ ሳይኖራቸው መምጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ዘፈኑም ፊልሙም ወደ ስልክ ተሻግሯል። ሰፈሩ ግን የወረቀትና የመዝገብ ሰፈር ነው። ኮሜርስና ተግባረ እድ እዚሁ ናቸው፣ ልደታ ፍርድ ቤትም ሩቅ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን በጥራዝ ያስገባ ተማሪ “ሶፍት ኮፒውን በሲዲ” ሲባል ኖሯል። በፍርድ ቤት የድምፅና የምስል ማስረጃ በሲዲ ተደርጎ ከመዝገብ ጋር ይያያዛል። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን የተነሳ ታካሚም ምስሉን በሲዲ ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ሊሰረዝ፣ ሊለወጥ፣ ቫይረስ ሊሸከም ይችላል። በአግባቡ ተጽፎ የተዘጋ ሲዲ ግን ማንም ከፍቶ የሚያርመው ነገር ስላልሆነ ለመዝገብ ቤት ይመቻል።

ጣጣው የሚመጣው ሲዲውን ራሳችን ቤት ባለው ኮምፒውተር በርን ለማድረግ (ለመጻፍ) ስንሞክር ነው። አንዱ መሃል ላይ ይቆማል፤ ሌላው ተጽፎ ያልቅና ሌላ ማሽን ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። “ራይተሩ ሞቷል” ብሎ ወደ ጠጋኝ መሮጥ የተለመደ ነው። እኔ እንደማየው ግን ብዙውን ጊዜ ራይተሩ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው የተመረጠለት አሠራር ነው።

ራይተር የሚጽፈው በሙቀት ነው። ባዶ ሲዲ ከፕላስቲኩ ላይ ስስ የቀለም ሽፋን፣ ከዚያ በላይ ብርሃን መልሶ የሚልክ ስስ የብረት ሽፋን አለው። ራይተሩ ለማንበብ ደካማ ጨረር ይልካል፣ ለመጻፍ ደግሞ ብዙ እጥፍ የበረታ። የበረታው ጨረር ያረፈበት ነጥብ ይለወጥና ብርሃን በደንብ መመለስ ያቆማል፤ ያልተነካው እንደነበረ ያንጸባርቃል። ጽሑፉ ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ አንድ መስመር ሲሆን በ80 ደቂቃ ሲዲ ላይ ርዝመቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስመሩ ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ገደማ ነው። ዲቪዲ ይህን ወደ 0.74 አጥብቦታል፣ ሌዘሩም ከ780 ናኖ ሜትር ወደ 650 አጥሯል። ሲዲ 700 ሜጋባይት ሲይዝ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት የሚይዘው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው። ሌዘሮቹ ሁለት መሆናቸው ለጥገናም ፍንጭ ይሰጣል፦ ሲዲ በደንብ እየጻፈ ዲቪዲ ብቻ እምቢ የሚል ራይተር ካለ፣ የዲቪዲው ሌዘር ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ሶፍትዌር መቀያየሩ ብዙም አይረዳም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። ዊንዶውስ ባዶ ሲዲ ሲገባለት ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ አንዱ ሲዲውን እንደ ፍላሽ ለመጠቀም፣ ሌላው ሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ እንዲሠራ ለማድረግ። ሰው “እንደ ፍላሽ” የሚለው ይጥመዋል፤ ፋይል ጎትቶ መጣል፣ ሲያሻው መሰረዝ ይችላልና። (አንዴ ብቻ የሚጻፍ ሲዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል ቦታውን አይመልስም፤ ከዓይን ይሰወራል እንጂ።) እንዲህ የተጻፈ ሲዲ እኛ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ የቆየ ኮምፒውተር ወይም ዴክ ላይ ግን ላይነበብ ይችላል። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሲዲ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ።

ሁለተኛውም ወጥመድ አለው። ፋይሎቹ ሲጎተቱ ወዲያው አይጻፉም፤ መጀመሪያ ተራ ይይዛሉ። በመስኮቱ ውስጥ ደብዘዝ ብለው፣ ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ለጥፈው ይታያሉ። “ገባ!” ብሎ ሲዲውን አውጥቶ የሄደ ሰው የያዘው ባዶ ሲዲ ነው። የመጻፊያውን ትዕዛዝ ተጭኖ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ይላል። ኔሮና መሰሎቹን ፕሮግራሞች የሚጠቀም ደግሞ ፋይናላይዝ (ሲዲውን ዝጋ) የሚለው ላይ ምልክት ያድርግ። ሲዲ የጻፈው ማሽን ላይ ተከፍቶ ሌላው ላይ ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያት ሳይዘጋ መቅረቱ ነው።

የሰርግ ቪዲዮ ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ ወደ ዲቪዲ ገልብጦ “እናቴ ቤት ያለው ዴክ አያነበውም” የሚል ሰውም ብዙ ነው። ዴኩ ምንም አልሆነም። የቆየ ዲቪዲ ዴክ የሚፈልገው በዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት የተዘጋጀ ዲስክ ነው፤ ኤምፒ4 ፋይል እንዳለ ሲገለበጥ ዴኩ የሚያየው የማያውቀው ፋይል ነው። ቪሲዲ ዴክ ከሆነ ደግሞ ምስሉ በኤምፔግ 1 ሥርዓት 352 በ288 ነጥብ ሆኖ መቀየር አለበት። ስለዚህ በርን ከማድረግ በፊት ዲቪዲ ቪዲዮ የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ሲጠይቅም እኛ አገር የምንጠቀመውን ፓል መምረጥ ነው። ዘፈንም እንዲሁ። “ኦዲዮ ሲዲ” ተብሎ ከተጻፈ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው፤ 80 ደቂቃ ከሞላ፣ ኤምፒ3ዎቹ 90 ሜጋባይት ብቻ ቢሆኑም አንድ ተጨማሪ ዘፈን አይገባም። ዴኩ ኤምፒ3 የሚያነብ ከሆነ እንደ ዳታ ሲዲ ቢጻፍ ከመቶ በላይ ዘፈን ይይዛል። (የሰው አልበም እያባዙ መሸጥ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው።)

መሃል ላይ የሚቆመውስ? እዚህ ፍጥነት ዋናው ተጠርጣሪ ነው። የሲዲ 1ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ 52ኤክስ ሲባል 7.8 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ሲዲው እንዲያ ሲሽከረከር ርካሽ ዲስክ ይንቀጠቀጣል፣ ጨረሩም ነጥቡን በደንብ ለማቃጠል ጊዜ ያጥረዋል። ሲዲን በ16ኤክስ፣ ዲቪዲን በ4 ወይም በ8ኤክስ መጻፍ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ካለም መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ድሮ ኮምፒውተሩ ዳታውን በጊዜ ካላደረሰ ሲዲው እዚያው ይበላሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ሳንዮ ባወጣው በርን ፕሩፍና በመሰሎቹ ቴክኒኮች ራይተሩ ቆም ብሎ ካቆመበት መቀጠልን ተምሯል። ቢሆንም ደካማ ፍላሽ ላይ መተማመን አያስፈልግም።

“ፓወር ካሊብሬሽን ኤረር” የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ስለ መብራት የተነገረው ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ራይተሩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በሲዲው የውስጥ ጠርዝ አጠገብ ለዚሁ በተተወች ቦታ ላይ ሌዘሩን ይሞክራል፤ ለዚያ ሲዲ ቀለም የሚስማማውን ኃይል ካላገኘ ይህን መልእክት ይሰጣል። መፍትሔው በቅደም ተከተል ነው፦ ሌላ ዓይነት ባዶ ሲዲ ሞክሩ፤ ካልሆነ ሌንሱን አጽዱ፣ የአዲስ አበባ የግንባታ አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለምና፤ ያም ካልሆነ ሌዘሩ አርጅቷል፣ ራይተሩ ይቀየር።

የእውነተኛው መብራት ጉዳይ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ዴስክቶፕ ላይ ዩፒኤስ ከሌለና መብራት እየተጻፈ ሳለ ከሄደ፣ አንዴ ብቻ የሚጻፈው ሲዲ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ የመኪና መስታወት ላይ ቢንጠለጠል ነው ጥቅሙ። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይሻላል። ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካው ቀጭን ራይተር ግን የራሱ አመል አለው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ራይተሩ መጻፍ ሲጀምር ከዚያ በላይ ይስባል፣ ሲያጣ ጠፍቶ ይበራል። ሁለት ሰኪ ያለውን ገመድ ሁለቱንም መሰካት፣ ዴስክቶፕ ላይ ከሆነም ከኋላ ያለውን ቀዳዳ መጠቀም ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

በአማርኛ ፋይል ለሚሰይም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አይኤስኦ 9660 የተባለው የቆየው የሲዲ ፋይል ሥርዓት የግዕዝ ፊደል አያውቅም፤ ጆሌት የተባለው ተጨማሪው ግን ይቀበላል፣ የስሙን ርዝመት 64 ፊደል ላይ ቢገድበውም። ጆሌት ሳይመረጥ የተጻፈ ሲዲ ላይ የፋይሎቹ ስም የሰረዝ ወይም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ለቢሮ የሚገባ ከሆነ ስሙን ማሳጠር ይበጃል።

አያያዝ ላይ ሁሉም የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ፊት ነው። በሲዲ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ጽሑፍ ያለበት ጀርባው ነው፤ ብርሃን የሚመልሰው ብረት ከስስ ቫርኒሽ በታች እዚያው ነውና። በቢክ እስክሪብቶ የመዝገብ ቁጥር ተጭኖ መጻፍ ከታች ጭረት ከማውጣት ይብሳል። ዲቪዲ ሽፋኑ በሁለት ፕላስቲክ መሃል ስለሚገኝ ይህን የበለጠ ይችላል። ለስላሳ ጫፍ ያለው ማርከር ይጠቀሙ፤ ወረቀት አይለጥፉበት፣ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል። ፀሐይ ላይም አይተዉት፣ ቀለሙ ይደበዝዛል።

ከሁሉ በላይ ግን ፕሮግራሙ ሲጨርስ “ቬሪፋይ” የሚለውን አትዝለሉ። የተጻፈውን ከዋናው ጋር መልሶ ያነጻጽራል። ከዚያም ሲዲውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ አንድ ሁለት ፋይል እዩ፣ ሁለተኛ ቅጂም ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ይህን የምታደርጉት ዛሬ ማታ ይሁን፤ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማችሁ “አይከፈትም” ከመባላችሁ በፊት።