ሬንጅና ሙቀቱ

ሬንጅ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው ከወጣለት በኋላ ከሥር የሚቀረው ጥቁርና ከባድ ክፍል ነው። ድፍድፉ ወደ መጀመሪያው የማጣሪያ ማማ ከመግባቱ በፊት እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ሞለኪውሎቹ መሰነጣጠቅ ስለሚጀምሩ፣ ቀሪው አየሩ ተመጦ ግፊቱ እጅግ ወደቀነሰበት ሁለተኛ ማማ ይተላለፋል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚተን፣ ከባዶቹ ዘይቶች ሳይቃጠሉ ተለይተው ይወጣሉ። ከሥር የሚቀዳው ሬንጅ ነው። ያለ ሙቀት አይፈስም፣ አይቀዳም፣ ከጠጠር ጋር አይዋሃድም፤ የሚያደርቀውና የሚያስረጀውም ያው ሙቀት ነው። የሬንጅ ሙያ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የሬንጅ ደረጃ የሚታወቀው በመርፌ ነው። ናሙናው ቀልጦ በትንሽ ጣሳ ይፈስና ሲቀዘቅዝ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ከነመያዣው 100 ግራም የሚመዝን መርፌ ጫፉ የሬንጁን ገጽ እስኪነካ ዝቅ ይደረግና ለ5 ሰከንድ ይለቀቃል። የሰመጠው ጥልቀት በሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይቆጠራል። ስለዚህ በርሜል ላይ «60/70» ተብሎ ሲጻፍ መርፌው ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ይሰምጣል ማለት ነው፤ «80/100» ከእሱ ይለሰልሳል። ፀሐይ በሚያነደው ቆላ ጠንከር ያለው፣ ብርድ በሚበረታበት ደጋ ለስለስ ያለው ይመረጣል። ሌላው ፈተና ሬንጁ የሚላላበትን ሙቀት ይለካል፤ በነሐስ ቀለበት ውስጥ በፈሰሰ ሬንጅ ላይ 3.5 ግራም የብረት ኳስ ይቀመጥና ውኃው በየደቂቃው 5 ዲግሪ እየጨመረ ኳሱ ሬንጁን ይዞ የሚወርድበት ሙቀት ይመዘገባል።

በአሰብ የነበረው ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ካቆመ ወዲህ ለኢትዮጵያ መንገዶች የሚሆነው ሬንጅ ከሩቅ የሚመጣ ነው። በሞቃት ታንከር ካልተጫነ በቀር 200 ሊትር ገደማ በሚይዝ በርሜል ረግቶ ይጓጓዛል። በርሜሉ ሥራው ቦታ ሲደርስ በማቅለጫ ሳጥን ውስጥ ተገልብጦ ይሞቃል፤ የቀለጠው ወደ ዋናው ታንክ ይወርዳል። በርሜል ለአያያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ሲከርም ክዳኑ ይዝጋል፣ ዝናብም ያስገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ውኃ ነው። ውኃ 100 ዲግሪ ሲደርስ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ መጠኑም 1,600 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ከወፍራም ሬንጅ ሥር የተደበቀ ጥቂት ውኃ በድንገት ሲተን ሬንጁ አረፋ ሆኖ ያብጥና እንደ ወተት ይገነፍላል። ልዩነቱ የሚገነፍለው 150 ዲግሪ የደረሰ፣ በነካው ሁሉ ላይ የሚጣበቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ የቆየ ታንክ ሲሞቅ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ያለው እርከን በዝግታ ይታለፋል፤ አረፋው እስኪረጋም ይጠበቃል። የፈላ ሬንጅ ሰው ላይ ቢያርፍ የመጀመሪያው እርዳታ ቦታውን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ ነው፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን መላጥ ግን ቁስሉን ያባብሳል፤ እሱን ለሐኪም መተው ይገባል።

በትልልቅ ታንኮች እሳቱ ሬንጁን በቀጥታ አይነካውም። ታንኩ ውስጥ በተዘረጋ ጥቅልል ቧንቧ በማሞቂያ የጋለ ዘይት ይዘዋወራል፤ ሙቀቱንም እየለቀቀ ለሌላ ዙር ወደ ማሞቂያው ይመለሳል። ይህ ሙቀት አስተላላፊ ዘይት ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። በየጊዜው ናሙና ተቀድቶ ይመረመራል፤ አሲድነቱ ከጨመረ አየር እያገኘው ነው፣ እሳት የሚይዝበት ሙቀት ዝቅ ካለ ደግሞ ከልክ በላይ ግሎ ተሰነጣጥቋል። ፓምፑ ቆሞ ማሞቂያው ከነደደ በቧንቧው ውስጥ የቆመው ዘይት ከሰሎ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ስለሆነም ሥራ ሲያበቃ በመጀመሪያ የሚጠፋው እሳቱ ነው፤ ፓምፑ ዘይቱ እስኪበርድ ይሠራል። ይህች ተራ ቅደም ተከተል የስንት ማሞቂያ ዕድሜ እንደምትወስን ለተቆጣጣሪው ደጋግሞ መንገር ተገቢ ነው።

ሬንጁ የሚያረጀው ሙቀትና አየር ሲገናኙ ነው። ረጅሙና ቋሚው ታንክ ከተጋደመው የሚሻለው ለአየር የሚጋለጠው ገጽ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ሬንጁ ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቧንቧም ከላይ እንዳያርከፈክፈው ጫፉ ከገጹ በታች ይደረጋል። ከ230 ዲግሪ በላይ ማሞቅ አይፈቀድም። ታንኩን የሚከፍት ሰው ነፋሱ በሚመጣበት ወገን መቆም አለበት፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በክዳኑ ሥር ይጠራቀማልና። ይህ ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ስለሚያደነዝዝ ሽታ መጥፋቱ ደኅንነት አይደለም። ከታንኩ ዝገት ጋር ሲዋሃድም ንጹሕ አየር ሲያገኝ በራሱ የሚቀጣጠል ቅርፊት ይፈጥራል።

ከባድ ጭነት የሚበዛበት መንገድ ተራ ሬንጅ ብቻ አይበቃውም። ኤስቢኤስ የሚባል ላስቲክ መሰል ፖሊመር ከ3 እስከ 6 በመቶ ይገባበትና በ180 ዲግሪ አካባቢ በሚፈጭ ወፍጮ ውስጥ ይታሻል። ፖሊመሩ ዘይቱን እየጠጣ ያብጥና በሬንጁ ውስጥ መረብ ይሠራል። ያልተዋሃደ ቅልቅል ግን ታንክ ውስጥ ሲቆም ይለያያል፤ ላስቲኩ ይንሳፈፋል። ይህን ለማወቅ ቅልቅሉ በአሉሚኒየም ቱቦ ታሽጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ በ180 ዲግሪ ለ3 ቀን ይቆያል። ከዚያ ቱቦው ከሦስት ይቆረጣል፤ የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ የሚላሉበት ሙቀት ከተራራቀ ቅልቅሉ ለማከማቻ አይበቃም። በነጭ ጋዝ የሚቀጥነው ሬንጅ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በአነስተኛ ሙቀት እሳት ስለሚይዝ በአቅራቢያው ነበልባል ሊኖር አይገባም።

በአስፋልት ፕላንቱ ጠጠሩ ደርቆ ወደ 160 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ ሬንጅ ከክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይረጭበታል። ሬንጁ በየጠጠሩ ላይ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ስስ ሽፋን ሆኖ አየር ያገኘዋል፤ ታንክ ውስጥ ለሳምንታት ከሚያረጀው ይልቅ በዚህች ደቂቃ ይደርቃል። ለዚህም ነው ቤተ ሙከራ ሬንጁን በስሱ ዘርግቶ በ163 ዲግሪ ለ5 ሰዓት ካቆየው በኋላ መርፌውን እንደገና የሚለቅበት።

መንገዱ ላይ እርጅናው በዝግታ ይቀጥላል፤ ሬንጁ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያረጀ አስፋልት ተፍቆ ከለስላሳ ሬንጅ ጋር ተቀይጦ እንደገና ይነጠፋል። ፍቅፋቂው በነበልባል አይሞቅም፤ የቀረው ሬንጅ ይቃጠላልና። ከልክ በላይ በጋለ አዲስ ጠጠር መካከል ይጨመርና ሙቀቱን ከእሱ ይቀበላል።