‹ሳኪት›፦ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሲሸከም

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሲይዝ የቋንቋ ድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። ቃሉ የአራዳ ሲሆን ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል። የእንግሊዝኛው «ኩል» ከ«ቀዝቃዛ» ተነሥቶ «የተረጋጋ»፣ «ግሩም»፣ አልፎም «እሺ» እስከ ማለት በመድረሱ ተበላሸ የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የቃል ትርጉም የሚሰፋው በሥርዓት ነው፤ ይህንንም የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ መግባቢያ የሆነው የጁባ ዓረብኛ በግልጽ ያሳያል።

ይህ ቋንቋ መሠረቱን የጣለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ዘመን፣ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተሰባሰቡ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና በባርነት የተያዙ ሰዎች አብረው በኖሩባቸው ሰፈሮች ነው። በዚሁ አገዛዝ ላይ ከተነሣው የማህዲስቶች ዐመፅ በኋላ ወደ ዩጋንዳና ኬንያ የዘለቁት ወታደሮች የዚሁ ንግግር ዘመድ የሆነውን ኪኑቢ ይዘው ሄደዋል። በጁባ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ሳኪት» ነው። መነሻው በዓረብኛ «ዝም ያለ» ማለት ሲሆን፣ በሱዳን ዓረብኛም በጁባም «እንዲሁ»፣ «ያለ ምክንያት»፣ «ብቻ» የሚሉትን ይሸከማል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን የለበትም፤ «ለምን መጣህ?» ለሚለን «ዝም ብዬ» ብለን እንመልስ የለ? ዝም ያለ ሰው ምክንያቱን አይናገርም፤ ምክንያት አለመናገር ደግሞ ምክንያት የለም ወደሚለው ለመሻገር አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ሁለት ቋንቋዎች በአንድ መንገድ መሄዳቸው የሰው አእምሮ ትርጉምን የሚያሰፋው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ይጠቁማል።

ሰዋስውም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። «ጋል» በዓረብኛ «አለ» ማለት ሲሆን፣ በጁባ «አውቃለሁ» ወይም «አስባለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከተከታዩ ዓረፍተ ነገር ጋር ያያይዛል። አማርኛችን «ይዘንባል ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ» ሲል «ማለት»ን የሚጠቀምበት ለዚሁ አገልግሎት ነው፤ ቃል አውጥቶ የተናገረ ግን ማንም የለም። «ካን» ደግሞ ከግሥ በፊት ሲመጣ ያለፈ ጊዜን፣ በሐረግ መነሻ ላይ ሲቆም «ከሆነ» የሚለውን ያመለክታል። ከግሥ በፊት የሚገቡት «ጊ»ና «ቢ»ም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፦ «አና ጊ ሩዋ» እየሄድኩ ነው፣ «አና ቢ ሩዋ» እሄዳለሁ ማለት ነው። የቃሉን የትኛውን ክፍል ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጥራት እንዳለብንም ሕግ አለ፦ «ካቱሉ» መጀመሪያው ጎልቶ ሲነገር «ገደለ»፣ መጨረሻው ጎልቶ ሲነገር «ተገደለ» ይሆናል።

«ይህ የተሰበረ ዓረብኛ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የተሰበረ ነገር ግን ሕግ አይኖረውም፤ የጁባ ዓረብኛ ተናጋሪ «ጊ»ንና «ቢ»ን ቢያቀያይር አድማጩ ወዲያው ይነቃበታል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ያደናግራል» የሚል ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ፒያንታዶሲ፣ ቲሊና ጊብሰን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛና የደች ቃላትን መርምረው፣ አጫጭርና አዘውትረው የሚነገሩ ቃላት ብዙ ትርጉም እንደሚይዙ አሳይተዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ አድማጭ ትርጉሙን ከዐውዱ ስለሚያገኘው ተናጋሪው ቀላሉን ቃል ደጋግሞ ቢጠቀም ይቀልለዋል ይላሉ። ብዙ ትርጉም ማለት ቁጠባ ነው። ቁጠባው ሥነ ጽሑፍንም አልከለከለም፤ በዚያው ዓመት የደቡብ ሱዳን ቲያትር ቡድን የሼክስፒርን «ሲምበሊን» በለንደኑ ግሎብ ቲያትር በጁባ ዓረብኛ ተጫውቶታል።

የደቡብ ሱዳን የ2011 (እ.ኤ.አ.) የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ፣ ነባር ቋንቋዎችን ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋ ሲል የጁባ ዓረብኛን በስም አልጠቀሰም። ገበያውና ሬዲዮው ግን ይናገሩታል። እኛም የጁባንም ሆነ የአዲስ አበባን የወጣት ንግግር ስንሰማ «ቃሉ ተበላሸ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ የትኛው ትርጉም በየትኛው ቦታ እንደሚመጣ እናዳምጥ፤ እዚያ ውስጥ ሕግ እናገኛለን።