በአጥር ያደገ ወፍ የፍልሰት መንገዱን ያውቃልን?

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብርሃ ጅራና በመተማ ማሳዎች ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት፣ ከድንበሩ ማዶ በተንጣለለው የሱዳን ሜዳ ከአውሮፓ የመጡ ሽመላዎች ይሰፍራሉ። እነዚህ ወፎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው ይመጣሉ። ለመሆኑ የመነሻውን ጊዜና መንገዱን ማን ነገራቸው? ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በአጥር ውስጥ ቢያድጉስ ይህ ዕውቀት አብሯቸው ይኖራልን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን፤ አገራችንን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ታሪክም እናነሳለን።

በቅድሚያ ልንገነዘበው የሚገባን፣ የመፍለስ ግፊት ራሱ በመታገት ብቻ የማይጠፋ መሆኑን ነው። ሌሊት የሚፈልሱ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች በሽቦ ቤት ተዘግተው ቢያድጉም፣ የጉዞው ወቅት ሲደርስ እንቅልፍ ያጣሉ፤ ክንፋቸውን እያራገቡ ከወዲያ ወዲህ ሲዘሉ ያድራሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤበርሃርድ ግቪነር የቀኑንና የሌሊቱን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ሳይለዋወጥ ባቆየላቸው ወፎች ላይ እንኳ ይህ ዕረፍት ማጣት በዓመት ገደማ ልዩነት እየተመለሰ ታይቷል። ፒተር በርትሆልድ ደግሞ የሚፈልሱ የጀርመን ዘማሪ ወፎችን ከማይፈልሱት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ዘመዶቻቸው ጋር በማዳቀል፣ ግፊቱ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ አጥር ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። በስዊዘርላንድ ሽመላ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ፣ ማክስ ብሎሽ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 በአልትሮይ መንደር የማራባት ሥራ ጀመሩ። ወፎቹ ለመራባት እስኪደርሱ ድረስ ለጥቂት ዓመታት ታግተው ስለቆዩ፣ ሲለቀቁ ብዙዎቹ ብርዳማውን ወራት እየተቀለቡ እዚያው ማሳለፍን ለመዱ። ከእነርሱ ተፈልፍለው በነጻነት ካደጉት ጫጩቶች መካከል ግን ብዙዎቹ ወደ ደቡብ በረሩ። የተዳከመው የግለሰቡ ወፍ ልማድ እንጂ የዘሩ ውርስ አልነበረም ማለት ነው።

ችግሩ የሚከፋው መንገዱን ከታላላቆቻቸው በሚማሩ ዝርያዎች ላይ ነው። ለዚህም መላጣው ኢቢስ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ይህ ወፍ ላባው ጥቁር፣ ራሱ የተመለጠ፣ መንቆሩም ረጅምና ቆልማማ ነው። በኦስትሪያ በኮንራድ ሎሬንዝ የምርምር ጣቢያ ከአራዊት ማቆያ የመጡ ኢቢሶች ዘሮች በነጻነት እንዲበሩ ሲደረግ፣ ወጣቶቹ በመጸው ወራት ለጉዞ ተነሡ፤ ነገር ግን መሪ ስላልነበራቸው በየአቅጣጫው ተበታትነው ብዙዎቹ ጠፉ። ስለሆነም ከ2004 ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶች፣ አሳዳጊዎቻቸው የተሳፈሩባቸውን ቀላል አውሮፕላኖች እየተከተሉ ወደ ጣሊያን መጓዝን ተማሩ። በ2011 አንዲት ኢቢስ ያለ መሪ ተመልሳ አልፕስን ተሻገረች። አንድ ጊዜ የተማሩትን መንገድ አይረሱትምና።

ታሪኩ ወደ አገራችን የሚያደርሰን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶሪያ ፓልሚራ አቅራቢያ ሰባት የዱር ኢቢሶች ተገኙ። በ2006 በሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ሲታሰር፣ ብርዳማውን ወራት የሚያሳልፉት በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ መሆኑ ታወቀ። በአንጻሩ በቱርክ ቢሬጂክ የሚራቡት የቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከሄዱ ስለማይመለሱ የፍልሰት ወቅት በደረሰ ቁጥር ይዘጋባቸዋል። በ2010 ከቢሬጂክ የመጡ ወጣት ወፎች በፓልሚራ ተለቀቁ፤ ከፊሎቹም የዱሮቹን ተከትለው ወደ ደቡብ ዓረቢያ በረሩ። ተስፋው ግን አልዘለቀም። በቁጥር እጅግ ያነሱት የዱር ወፎች እየመነመኑ ሄዱ፤ የሶሪያው ጦርነት በ2015 ፓልሚራን ባዳረሰበት ጊዜ መንጋው ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ በቢሬጂክ በመቶ የሚቆጠሩ ኢቢሶች አሉ፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመጣቸውን መንገድ የሚያሳያቸው መሪ ግን የላቸውም።

እንግዲህ እንስሳትን አግቶ ማራባት ዝርያን ከመጥፋት ሊያድን ይችላል፤ በትውልድ ቅብብል የሚወረሰውን የጉዞ ዕውቀት ግን ብቻውን አያድንም። ሰንሰለቱ በአንድ ትውልድ ከተበጠሰ መልሶ ለመቀጠል አውሮፕላንና የብዙ ዓመታት ድካም ይጠይቃል። ከቋራው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ እስከ ሱዳኑ ዲንደር ያለው ምድርም ሆነ የደጋው የግጦሽ መስክ፣ ታላላቆቹ ገና መንገዱን በሚያውቁበት በዛሬው ጊዜ ሊጠበቅ ይገባዋል እንላለን።